«ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ተራ የሞት ዜና አይደለችም

ሰሞኑን አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አምባ ላይ ሲሞቱ ስለተባለችው ሁለት መስመር ግጥም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ግጥሟን አብዛኛው ሰው ያውቃታል። ለማስታወስ ያህል ግን ይህችው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ግጥሟ ሰምና ወርቅ የላትም፣ ስለዚህ ጥልቀት የላትም። ሰው መሞቱን ትነግረናለች፣ በቃ። «ወንድ አንድ ሰው» የተባለው መስመሩን ለመሙላት ነው። «የሴቱን አናውቅም» ደግሞ ማሟያ ነው፤ ከዚያም አልፎ ሴትን ይንቃል። ታሪኩን ባናውቅ ግጥሟ ባዶ ናት፤ የምናወራላት ትርጉም ሁሉ ለአፄ ቴዎድሮስ ካለን ፍቅር የመጣ ነው። የገጠመቻት ያልተማረች አልቃሽ ናትና ምሁራን የሚሰጧትን ፍቺ ልታስበው አትችልም። በመጨረሻም ጸሐፊው መምህራንን ይወቅሳሉ። ተማሪን «የተደበቀውን ትርጉም አውጣ» እያሉ ከግጥም ጋር አጣልተውታል ይላሉ።

በመጨረሻው ነጥብ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። በሌላው ግን አልስማማም። ይህችን ግጥም ስለምወዳት ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው አነባበብ ሥር ከሰደደ ካሉን ምርጥ ግጥሞች ግማሹን «ቀላል ነው» ብለን እንተዋለን ብዬ ስለምሰጋ ነው።

ከሰምና ወርቁ ልጀምር። ጸሐፊው ጥልቀትንና ሰምና ወርቅን አንድ አድርገዋቸዋል። ብቻቸውን አይደሉም። ግጥም ሲነበብልን የብዙዎቻችን ጆሮ መጀመሪያ የሚያድነው ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል ነው። ስናገኘው «እሰይ!» እንላለን። ስናጣው ፊታችንን እናዞራለን። ለንጽጽር፣ የሰምና ወርቅ ምሳሌ ሆና ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰውን ይህችን እንይ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፤
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ የአዳም በደልና የክርስቶስ ስቅለት ነው። ወርቁ ፍቅር ያንጠለጠለው ሰው ልብ ነው። ቁልፉ «ተሰቀለልሽ» ላይ ነው። ድንቅ ናት፣ አልክድም። ግን ቁልፏ አንዴ ከተገኘ በኋላ ብዙ የሚቀር ነገር የለም። ፈታናት፣ ፈገግ አልን፣ አለፍን። የመቅደላዋ ግን የሚፈታ እንቆቅልሽ ስለሌላት አትፈታም፤ ስለዚህም አታልቅም።

የቅኔ ቤት ሰዎችም ቢሆኑ ሰምና ወርቅን ብቸኛው መንገድ አላደረጉትም። ኅብር አለ፣ ውስጠ ወይራ አለ፣ ሌላም አለ። አጭርነትንም አልናቁም። ተማሪው የሚጀምርበት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጉባኤ ቃና አጭር ስለሆነ የሕፃን ነው የሚል የቅኔ መምህር ግን አልሰማሁም። ሁለት ቤት ላይ የተሳሳተ ቃል መደበቂያ የለውም። ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደ «ሙሌቱ» ልምጣ። ዋናው ክርክሬ ያለው እዚህ ነው።

ጸሐፊው «ወንድ አንድ ሰው» ለምጣኔና ለቤት መምቻ የገባ ነው ይላሉ። ደግነቱ ይህ በስሜት ብቻ የምንከራከርበት ነገር አይደለም። መሞከር ይቻላል። ግጥሟ በወል ቤት የተገጠመች ናት። እያንዳንዱ መስመር መሐል ላይ ይከፈላል፤ ግማሹ ስድስት፣ ግማሹም ስድስት ቀለም ነው። የመጨረሻዋን ግማሽ እናውጣና ሌላ እናስገባ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ንጉሣችን ሞተ።

ምጣኔው ልክ ነው። ቤቱም ይመታል። እንዲያውም ሟቹ ማን እንደሆነ በደንብ ይታወቃል። አልቃሽ ጀግናን በፈረስ ስሙ መጥራት ትወዳለችና በዚያም እንሞክር፦

የሴቱን አናውቅም አባ ታጠቅ ሞተ።

ይህም ስድስት ቀለም ነው። ይህም ቤት ይመታል። ስለዚህ ገጣሚዋ ቃል አጥታ አልነበረም። ሁለት የተዘጋጁ፣ ደጋግመው የሚነገሩ፣ ከምላስ የማይጠፉ አማራጮች ነበሯት። ሁለቱንም ትታ «ወንድ አንድ ሰው» አለች። ሙሌት ማለት ሌላ ሲጠፋ የሚገባ ቃል ነው። እዚህ ሌላ ነበረ።

ይህን ነገር በአንድ ልጅ ላይ ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ግጥሟን ሰምታት አታውቅም ነበር። ወረቀት ላይ ጻፍኩላትና ከ«ሞተ» በፊት ያለውን ባዶ ተውኩት። ስለ ማን እንደሆነ ነገርኳትና «ሙይው» አልኳት። እርሳሷን አፏ ላይ አድርጋ በጣቷ ቀለም ቆጠረች። ከዚያ «ንጉሣችን» ብላ ጻፈች። ጎበዝ አልኳትና ትክክለኛውን አነበብኩላት። ትንሽ አሰበች። «ቆይ ጋሼ፣ ሌሎቹ ወንዶችስ የት ሄዱ?» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ስለዚህች ግጥም ሲጠየቅ አልሰማሁም። «ንጉሣችን ሞተ» ቢባል ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ንጉሥ አንድ ነው፤ ሞተ፣ አለቀ። «ወንድ አንድ ሰው» ሲባል ግን ጆሮ ይቆጥራል። አንድ ብቻ? ከስንት?

ሌሎቹ ወንዶች የት ሄዱ? መቅደላ ላይ በዚያ ሳምንት ወንድ አልጠፋም። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ብቻ ከ12 ሺህ በላይ ወታደር ይዞ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ መጥቷል። በመንገዱ ያሉ መኳንንት አላስቆሙትም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት፣ መንገድ ለቀቁለት፤ ስንቅም እንዲያገኝ ረዱት። ዓርብ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ ውጊያ ሆነ። የንጉሡ ሠራዊት በዘመናዊ ጠመንጃና በሮኬት ተመታ። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያው ወደቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ብዙው ወታደር ሸሸ ወይም እጁን ሰጠ። ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንጉሡ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀሩ። እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸውን ሽጉጥ ጠጥተው ሞቱ።

ያን ሁሉ ሺህ ወንድ አስቡት። የውጭውን፣ የውስጡን፣ የሸሸውን፣ እጅ የሰጠውን፣ መንገድ የለቀቀውን። ግጥሟ ከዚያ ሁሉ የቆጠረችው አንድ ነው። ማንንም በስም አልወቀሰችም። «ከዳችሁ» አላለችም። «ፈራችሁ» አላለችም። ቆጠረች ብቻ። በበኩሌ ከዚህ የከፋ ወቀሳ አላውቅም፤ ምክንያቱም መልስ የለውም። «ፈሪ» ብትባል «አይደለሁም» ትላለህ። ሳትቆጠር ስትቀር ምን ትላለህ?

ደግሞ ጮክ ብላችሁ በሏት። የመጀመሪያው መስመር ረዘም ረዘም ባሉ ቃላት ይፈስሳል፤ አፋፉ ላይ፣ ጩኸት በረከተ። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አካሄዱ ይለወጣል። ወንድ። አንድ። ሰው። ሞተ። አራት ቃል፣ ሁሉም አጭር። «ወንድ» እና «አንድ» በራሳቸው ቤት ይመታሉ፤ ምላስ «ንድ» ላይ ሁለት ጊዜ ይረግጣል። ሙሾ በደረት ምት የሚባል ነገር ነው። እጅ ደረት ላይ ሲያርፍ እነዚህ አራት ቃላት ምን እንደሚመስሉ በለቅሶ ቤት የቆመ ሰው አይጠፋውም። «ንጉሣችን ሞተ» ይህን አይሰጥም። ይንሸራተታል።

የማዕረጉንም ነገር ልጨምር። በግጥሟ ውስጥ አፄ የለም። ጃንሆይ የለም። ቴዎድሮስ የለም፣ የልደት ስማቸው ካሣም የለም። በዚያው ሞት ላይ የተባለች ሌላ ሙሾ አለች፦

ገደልንም እንዳይሉ ሙተው አገኟቸው፤
ማረክንም እንዳይሉ ሰው የለ በጃቸው፤
ምን አሉ እንግሊዞች ሲገቡ አገራቸው?

ይህችም ጥሩ ናት። እንግሊዞችን በስም ትጠራለች፣ ታፌዝባቸዋለች፣ ለምን ባዶ እጃቸውን እንደቀሩም ታስረዳለች። ለሟቹም «ሙተው አገኟቸው» ብላ በአንቱታ ትናገራለች። የእኛዋ ይህን ሁሉ አታደርግም። እንግሊዞቹ የሉበትም። መድፉ የለበትም። ያ ሁሉ ወጪ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣው ሁሉ በዚህች ግጥም ውስጥ አንድ ቃል አላገኘም። ጀግናን አንተ ማለት በሙሾ የተለመደ ስለሆነ «ሞተ» በሚለው ላይ ብቻ ትልቅ ክርክር አልገነባም። ከሁሉም ጋር ሲደመር ግን መንገዱ ግልጽ ነው። ዘውዱ ወረደ፣ ማዕረጉ ወረደ፣ ስሙ ወረደ፣ የቀረው ሰው ነው። በአማርኛ «ሰው ጠፋ» ስንል የቱን ሰው ማለታችን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ሞተ» የምትለዋ ቃል ሌላም ነገር ተሸክማለች። ሰውየው ራሱን ነው ያጠፋው። ይህ በኦርቶዶክስ አማኝ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ ከባድ ኃጢአት የምታየው ነው። ያውም በፋሲካ ማግስት። ሌላዋ ሙሾ ይህን ፊት ለፊት ገጥማዋለች፦

አያችሁት ወይ የአንበሳውን ሞት፤
በሰው እጅ መሞትን ነውር አድርጎት።

እዚህ ሞቱ ወደ ኩራት ተለውጧል። የእኛዋ ግን አልተከራከረችም፣ አልሸፈነችም፣ አልፈረደችም። «ሞተ» ብላ ተወችው። ሰሚው እንዴት እንደሞተ ያውቃል፤ አልቃሿም እንደሚያውቅ ታውቃለች።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «አየህ፣ ታሪኩን ከውጭ አመጣኸው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ታሪኩ ባይኖር ግጥሟ ባዶ ናት የሚለው ነጥባቸው ይህ ነው።

የእህቴ ልጅ ስለ አሮጌ ውጊያ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀች። ጥያቄው የመጣው ከግጥሟ ነው። ታሪኩ የመጣው ለመልሱ ነው። ከዚያም በላይ፣ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ግጥም ለመስማት መቅደላ የት እንደሆነች እንኳ ማወቅ አያስፈልገውም። ከወዲያ ማዶ፣ ከአፋፉ ላይ ጩኸት ይሰማል። ሰው ከያለበት ብቅ ይላል። «ማን ሞተ?» ይባባላል። አንዱ የሰማውን ያህል ይመልሳል። ግጥሟ የተሠራችው ልክ በዚህ አኳኋን ነው። መጀመሪያ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ መልስ። «አናውቅም» የምትለውም ለዚህ ነው፤ ከርቀት የሰማ ሰው አነጋገር ናት። የአገር መሪ ሞት እንደ መንደር ሞት ተነገረ። ይህ በራሱ ታሪክ ሳይጠቀስ የሚሰማ ነገር ነው።

የቀረው ደግሞ ታሪኩን ከውጭ አመጣችሁ መባላችን ነው። የቃል ግጥም የሚባለው ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ነው። ሙሾ ሟቹን ለማያውቅ እንግዳ አይወርድም። ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ሁሉ ማን እንደሞተ፣ እንዴት እንደኖረ፣ ማን እንደካደው ያውቃሉ። አልቃሿ የምትገጥመው በዚያ እውቀት ላይ ነው። እውቀቱን ነጥቀን «ባዶ ናት» ብንል ጥፋቱ የኛ ነው።

ፍቅራችን ነው ያጋነናት ለሚለው ግን ሌላ መልስ አለኝ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎድሮስ በተውኔትም በልብ ወለድም ብዙ እንደተወደሱ እውነት ነው። በ1860 ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ጎንደር በ1859 ተዘርፋ ተቃጥላ ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ሳይቀሩ። ወሎ በዘመቻ ብዛት ደቅቋል። ከአሮጌ ውጊያ በፊት በነበረው ቀን እንኳ ንጉሡ ብዙ እስረኞችን ከመቅደላ አጠገብ ከገደል አስወርውረዋል። መቅደላ አፋፍ ላይ ጩኸት ሲሰማ ያ ሰኞ የመጀመሪያው አልነበረም። ሰሚው ይህን ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ግጥሟ ምን እንዳላለች ተመልከቱ። ደግ አላለችም። የድሃ አባት አላለችም። ፍርድ አዋቂ አላለችም። ሙሾ ለሟቹ የሚያዥጎደጉደው ውዳሴ ሁሉ እዚህ የለም። «ወንድ» አለች ብቻ። ወንድነቱን ደግሞ የተበደለው ጎንደሬ፣ ልጁን ያጣው ወሎዬ፣ በሩን ሰብሮ የገባው እንግሊዝ ሳይቀር ሊክደው አይችልም። ግጥሟ ሁሉም ሊስማማበት የሚችለውን አንድ ነገር ፈልጋ አገኘች። እኛ በኋላ ያፈሰስነው ፍቅር ይህን ያህል ጥንቁቅ አይደለም። ከፍቅራችን ይልቅ ግጥሟ ትጠነቀቃለች።

«የሴቱን አናውቅም» የሚለው ላይ ጸሐፊው ያነሡት ቅሬታ በከፊል ተገቢ ነው። ጀግንነትን «ወንድ» ብሎ መጥራት የዘመኑ ቋንቋ ነው፤ ዛሬም አልለቀቀንም። ይህን አልከላከልም። ግን ሐረጉ ማሟያ ነው፣ ንቀት ነው የሚለውን አልቀበልም። አንድ ጊዜ ረጋ ብለን እንስማው። «ሴት የለም» አላለችም። «የሴቱን አናውቅም» አለች። ስለ ወንዶቹ እርግጠኛ ናት፤ አንድ ብላ ዘግታዋለች። ስለ ሴቶቹ ግን በሩን አልዘጋችውም። ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሁለትም አሥርም ሊሆኑ ይችላሉ፣ እኛ አናውቅም። ለእኔ ይህ ንቀቱን ወደ ወንዶቹ የሚመልስ አባባል ነው። ከሴቶቹ መካከል ጀግና ይኖር ይሆናል፤ ከእናንተ መካከል ግን አንድ ብቻ ነበረ፣ እሱም ሄደ።

ይህን ያልኩት እንዲሁ ለሴቶች አዝኜ አይደለም። ግጥሟ የተባለችበት አገር ወሎ ነው። በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ ሴቶች ጦርና አገር ያስተዳድሩ ነበር። የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ ያስጠጉ ሴት ናቸው። ቴዎድሮስም በዚያ ቂም አስረው ይዘውት የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉ። እንዲህ ያሉ ሴቶች ባሉበት አገር «የሴቱን አናውቅም» ማለት ባዶ ማሟያ ሊሆን አይችልም።

የቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅም አሉ። ልጃቸውን አለማየሁን ይዘው ከእንግሊዞች ጋር ከመቅደላ ወረዱ። ወር ያህል ብቻ ቆይተው በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ብቻውን ባሕር ተሻገረ፣ በ18 ዓመቱም እንግሊዝ አገር አረፈ። አልቃሿ ይህን ልታውቅ አትችልም ነበር፤ አስባ ነው ያለችው ብዬም አልከራከርም። ዛሬ ግጥሟን ስንል ግን እቴጌይቱ ትዝ ቢሉን ነውር የለበትም። «አናውቅም» የሚለው ቃል ቦታ ትቶላቸዋል።

ወደ አልቃሿ እንምጣ። ያልተማረች ናትና ይህን ልታስብ አትችልም የሚለው ከነጥቦቹ ሁሉ ያሳዘነኝ ነው። ገጣሚዋ ማን እንደሆነች፣ ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አይታወቅም፤ እኔም «አልቃሿ» የምለው ለአነጋገር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ነው። አልቃሽነት ሙያ ነው። ፊደል አለመቁጠር ቃል አለመምረጥ አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብታ ሟቹን ከሚገባው በላይ ብታሞግስ ይሳቅባታል። ብታሳንሰው ቤተሰቡ ይቀየማል። የሟቹ ጠላትም ወዳጅም እዚያው ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ መሐል ቆማ፣ ሳትጽፍ ሳትሰርዝ፣ ሁሉም የሚቀበለውን ቃል እዚያው ታወጣለች። ቃል መምረጥ ከዚህ የበለጠ የሚጠይቅ ሥራ ካለ ይነገረኝ።

ግጥሟ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ሆና አልቀረችም። ከ150 ዓመት በላይ በብዙ አፍ አልፋለች። አንዱ «አናውቅም» ይላል፣ ሌላው «አላውቅም»። አንዱ «አፋፉ ላይ»፣ ሌላው «በመቅደላ አፋፍ»። ዙሪያዋ እንዲህ ሲለዋወጥ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ግን እኔ በሰማኋት ሁሉ ሳትነካ ቆማለች። ሰው የማይጥመውን ቃል በአፍ ሲያስተላልፍ ይለውጠዋል ወይም ይጥለዋል። ይህን አልጣለውም። ሙሌት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነበር።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ እሰጣቸዋለሁ። ያለ ልክ መተርጎም አለ። ለምሳሌ «በረከተ» የምትለዋን ይዞ «በረከት ማለት ነው፣ በፋሲካ በረከት ፈንታ ጩኸት ወረደ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ያምራል። ግን እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። «በረከተ» በተራ አማርኛ በዛ ማለት ነው፤ ጩኸትም ዕዳም ይበረክታል። ሰሚው በዚያች ሰዓት ፋሲካን ያስብ ነበር የሚያሰኝ ሌላ ምልክት በግጥሟ ውስጥ የለም። ስለዚህ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው ቢባል መልሴ ቀላል ነው። ቃሉ በሌላ ሲተካ የሚጎድል ነገር ካለ፣ ያንንም ተራው ሰሚ ሊሰማው የሚችል ከሆነ፣ ትርጉሙ የግጥሟ ነው። የሚሰማው ለተንታኙ ብቻ ከሆነ የተንታኙ ነው።

የመምህራኑ ጉዳይ ቀርቷል። «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንባቢን ከግጥም እንደሚያርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ተማሪው «መልእክቱ ጀግንነት ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ማርኩን ያገኛል፣ ግጥሟን ይረሳል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን መፍትሔአቸው «ቀላል ናት፣ ተዋት» ነው። ይህም ያው ነው፤ በሁለቱም መንገድ ግጥሟ አትነበብም። ከመልእክቱ ይልቅ ልጆቹ ጮክ ብለው ይበሏት። አንድ ቃል ያውጡና ሌላ ያስገቡ። የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ የት ቆሞ እንደሚናገር ይጠይቁ። ማን እንዳልተጠቀሰ ይቁጠሩ። ለዚህ ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ፍቺ የሚነግር መጽሐፍም አያስፈልግም።

ለጸሐፊውም አንድ ጥያቄ አለኝ። «ንጉሣችን ሞተ» የምትለውን መስመር እና «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» የምትለውን ተራ በተራ ጮክ ብለው ይበሏቸው። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚሉ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጻፉልን፤ አነባለሁ፣ መልስም እሰጣለሁ። አንድ አይደሉም የሚሉ ከሆነ ግን ልዩነቱ ምን እንደሆነ በራሳቸው ቃል ቢነግሩን ደስ ይለኛል። እኔ ያላየሁት ነገር ሊኖር ይችላልና።